ከሥር ያለውን እንይ



ከወልድያ እስከ መርሳ መንገዱ አስፋልት ነው። ወደ ሀብሩ ገጠር ስትገነጠሉ ግን የሚቀበላችሁ ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ምጥ የያዛት እናት ጭኖ ወደ መርሳ ሲወርድ ድንጋይ የመኪናውን ኮፓ ቀደደው። የሞተሩ ዘይት ፈሰሰ፤ መኪናው ቆመ። እናቲቱን ሰዎች በቃሬዛ አደረሷት፤ ጌታ ረድቷት በሰላም ተገላገለች።

እኔም ከፍርሃቴ የተነሣ፣ «ወፍራም ብረት ይሠራለት!» አልኩ። 60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ታሰረ። ክብደቱ ከ22 ኪሎ በላይ ነበር። ለመፍታት ስለሚያስቸግር ከሥሩ የሚያይ ጠፋ። በኋላ ሲፈታ የሚያንጠባጥብ ዘይት ብረቱ ላይ ተጠራቅሞ ተገኘ። የጋለ ሞተር ሥር ይህ እሳት ሊያስነሣ ይችላል!

ብረት በያጁ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆረጠ፤ ክብደቱ በግማሽ ቀነሰ። እንዳይለመጥ ጠርዙን አጠፈው። ለአየርና ለዘይት መቀየሪያ ቀዳዳ አወጣለት። ሲመታ ኮፓውን እንዳይነካ ክፍተት ትቶ፣ ሳይበይድ በቡሎን ከሻንሲው ጋር አሰረው። አሁን በየጊዜው ተፈትቶ ይታያል።

ዳዊት የሳኦልን ከባድ ጥሩር ማውለቁን አስታወስኩ (1ኛ ሳሙ. 17፥38-39)። እኛስ ልጆቻችንን በክልከላ ብዛት ሸፍነን፣ ከሥር የሚንጠባጠበውን ሳናይ ቀርተን ይሆን? ጥበቃው ይኑር፤ ነገር ግን ልባቸውን ከማየት አይከልክለን። ዛሬ ማታ ዝቅ ብላችሁ ጠይቋቸው።