ድንጋዩ ምን አጠፋ?

ለመሆኑ በዚህ በአዲስ አበባ ከተማ ሰው ቤቱን አስጨርሶ እንግዳ ሲጠራ በቅድሚያ የሚያሳየው ምኑን ነው? ሳሎኑን እንዳትሉኝ! ሳሎን ድሮ ቀረ። አሁን እንግዳ እጁን ተይዞ የሚወሰደው ወደ መታጠቢያ ቤት ነው። «ይሄ እኮ ሴራሚክ አይደለም፤ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ እብነ በረድ!» ይባላል። እንግዳውም «በደስታ ኑሩበት» ብሎ ይመርቃል። ዓመት ሳይሞላ ግን የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒሴ በሰበሰ እያለ ይመጣል።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ መካሰስ ነው። ባለቤቱ በድንጋይ ገጣሚው ላይ፣ ገጣሚው በቧንቧ ሠራተኛው ላይ፣ የቧንቧ ሠራተኛው በኮንትራክተሩ ላይ ያመካኛሉ። ኮንትራክተሩ ደግሞ፣ ስልኩን ካነሳ ማለት ነው፣ «ድንጋዩ ነው፣ የአገር ውስጥ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል» ብሎ ይገላገላል።

ድንጋዩ ምን አጠፋ? እብነ በረድ ከዳለቲም ይምጣ ከጣሊያን፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በድንጋዮቹ መሐል የሚሞላው ሲሚንቶም እንዲሁ። ላዩ ላይ የሚቀባው ማሸጊያ ፈሳሽ እድፍ እንዳይገባ ያግዛል እንጂ ሻወርን ውሃ አያስገባ አያደርገውም። ውሃውን የሚያቆመው ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ነው። ሠራተኞቹ «ዋተርፕሩፍ» የሚሉት ቅብ ልስኑ ላይ ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ማዕዘኑና ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበት ቦታ የጨርቅ ጥብጣብ ይቀበርበታል፤ ቧንቧው የወጣበት ቀዳዳ ዙሪያውን ይደፈናል። ይኼ ሁሉ ድንጋዩ ሲለጠፍ ይሸፈናል። የማይታይ ነገር ላይ ደግሞ ማን ገንዘብ ያወጣል? ላይ ላዩን ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ!

ሁለተኛው ጉድ ክብደቱ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እያንዳንዱ ጎኑ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሻወር ሦስት ግድግዳው እስከ 2 ሜትር ከፍታ ቢለብስ 5.4 ካሬ ነው። አባዙት፤ ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚቆመው የብሎኬቱ ልስን ነው። አሸዋው በዝቶ ሲሚንቶው የተቆጠበበት ልስን ከሆነ፣ ድንጋዩ አንድ ቀን ልስኑን ይዞት ይወርዳል። ሥር ቆሞ የሚታጠበው ልጅ እንዳይሆን ነው እንግዲህ መጸለይ።

አለጣጠፉንም እዩት። በየግንባታው የለመድነው አራት ጥግና መሐሉ ላይ ጭብጥ ጭብጥ ማጣበቂያ አድርጎ መጫን ነው። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ጣሳ ይመስላል። በዚያ ክፍተት ውሃ ይጠራቀማል፤ ድንጋዩም ከውስጥ ይጠቁራል። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ብረት ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ፣ የድንጋዩም ጀርባ በስሱ ተቀብቶ መግጠም አለበት፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ቢያንስ 95 ከመቶው የተያያዘ እንዲሆን ነው የሙያው ደንብ። ተጠራጠራችሁ? ሳይደርቅ አንዱን አስነቅላችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ድንጋዩ ነጭ ከሆነ ማጣበቂያውም ነጭ ይሁን፤ ግራጫው ከኋላ ያሳብቃል። እግረ መንገዴን፣ ሽንት ቤት የምታጥቡበትን አሲድ እብነ በረድ አታስነኩት። ሎሚ እንኳ ይበላዋል።

ለገጣሚው ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። ሰውዬው የሚከፈለው በካሬ ነው። ቅቡ እስኪደርቅ ሲጠብቅ የሚውልበትን ቀን ማን ይከፍለዋል? ባለቤቱ «ቶሎ ጨርስ» ይላል፣ ኮንትራክተሩ «ሌላ ሳይት አለ» ይላል፣ ለቅቡ የተመደበውም ብር መንገድ ላይ ይቀራል። ቁልፍ የሚያስረክቡን ሁሉ የሻወሩን ወለል መውረጃ ደፍነው፣ ውሃ ሞልተው 24 ሰዓት አቆይተው ቢያሳዩን ምን ነበረበት? የሚፈጀው አንድ ቀን ነው!

ሕጉስ ቢሆን አልተወንም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት የሠራ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላ 10 ዓመት ሙሉ ለሥራው ዋስ ነው ይላል። አሥር ዓመት! ይህን የሚያውቅ የቤት ባለቤት ስንት ነው? ቢያውቅስ ምን ይዞ ይከራከራል? ስምምነቱ ሻይ ቤት ውስጥ በቃል አልቆ፣ ክፍያው ያለ ደረሰኝ ተቆጥሮ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ፎቶ እንኳ ሳይነሳ። ስለዚህ ውል ጻፉ፤ የቅቡን ዓይነትና ስንት ጊዜ እንደሚቀባ በስሙ አስገቡት፤ ድንጋዩ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳውን ፎቶ አንሱት። የመጨረሻውንም ክፍያ የውሃው ፈተና ሳያልቅ ከኪሳችሁ አታውጡ።