ከፖምፓው በፊት ሰልባትዮው ይታይ

ለነጋዴው የናፍታ ፒክአፕ ከመጓጓዣም በላይ ናት። ጠዋት ከመርካቶ ሸቀጥ ያነሳባታል፤ ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶና ብረት ያመላልስባታል፤ ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ ሊብሬዋን ይዞ ወደ ደላላ ይሄዳል። ከቤትና ከቦታ ይልቅ ቶሎ ወደ ብር የምትለወጥ ንብረት ናት። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙው ነጋዴ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

ችግሩ የሚጀምረው ይህች መኪና አንድ ቀን ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሳት ነው። ባለቤቱ ጋራዥ ያስገባታል። "ፖምፓው ደክሟል፤ ከፍ ባለ ይቀየር" ይባላል። አለዚያም "ትንሽ እንክፈትላት" ተብሎ የናፍታውን መጠን የሚወስነው ብሎን በካቻቪቴ ይጠመዘዛል። መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ዳገቱን ትወጣለች፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ለመሆኑ የተከፈለበት ነገር ማሻሻል ነው ወይስ ማበላሸት?

ለመልሱ የፖምፓውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የቀድሞዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተሮች 2ኤል (2446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2779 ሲሲ) እና 5ኤል (2986 ሲሲ) ናቸው። እነዚህ ቪኢ የሚባለውን ዓይነት ፖምፓ ይጠቀማሉ። አንድ ፒስተን እየተሽከረከረ ለአራቱም ሲሊንደር ናፍታ ያከፋፍላል። ሰልባትዮው ውስጥ ናፍታ የሚገፋለት ሌላ ሞተር የለም፤ ፖምፓው ራሱ በፊልትሮው በኩል ስቦ ያመጣል። ፖምፓውን የሚያለሰልሰውም የሞተር ዘይት ሳይሆን የሚያልፍበት ናፍታ ነው። ስለዚህ ናፍታው ሲቆሽሽ፣ ውኃ ሲገባበት ወይም ላምባ ሲቀላቀልበት ፖምፓው ቅባት እንዳጣ ብረት ይፋተጋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ፊልትሮው ከተዘጋ፣ የሰልባትዮው መሳቢያ በዝቃጭ ከታፈነ ወይም ከጎማ ቱቦዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ አየር ካስገባ መኪናዋ ልክ ፖምፓው እንደሞተ ሁሉ ጉልበት ታጣለች። ምርመራው ደግሞ ውድ አይደለም። ከፖምፓው መግቢያ ላይ ብርሃን የሚያሳይ ቱቦ ተገጥሞ የአየር አረፋ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ወይም ንጹሕ ናፍታ ከያዘ ጀሪካን ፖምፓው በቀጥታ እንዲስብ ይደረጋል። በጀሪካኑ ጉልበቷ ከተመለሰ ሕመሙ ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ሳይደረግ ፖምፓ መቀየር "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ይሆናል።

ሁለተኛው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ናፍታ የሚቃጠለው ባለው አየር ልክ ብቻ ስለሆነ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ የምትደክም ፒክአፕ የጎደላት ናፍታ ሳይሆን አየር ነው። ብሎኑ ሲጠመዘዝ የሚጨመረው ናፍታ ከፊሉ ሳይቃጠል በጭስ መልክ ይወጣል፤ ከፊሉም የሲሊንደሩን ግድግዳ ቅባት እያጠበ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የሞተሩ ሙቀት ይጨምራል፤ ቴስታታ ይሰነጠቃል፤ ፒስተን ይቀልጣል። በፖምፓ የተጀመረ ወጪ ሞተር በማውረድ ያልቃል።

ለነጋዴ ደግሞ ሒሳቡ ይቅረብለት። ለምሳሌ ያህል ብሎኗ የተጠመዘዘ ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ተጨማሪ ናፍታ ትጠጣለች እንበል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ብትሠራ በወር 52 ሊትር፣ በዓመት 624 ሊትር ማለት ነው። ይህም 80 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ስምንት ጊዜ ያህል ተሞልቶ በጭስ ማውጫ ወጣ እንደ ማለት ነው። ነዳጅ ለማግኘት ወረፋ የሚቆምበት ጊዜ ሲጨመርበት ኪሳራው ከዚህም ይብሳል።

ሰልባትዮውን ትቶ ፖምፓውን የመቀየር ስህተት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ ሞተር የዶጅ ፒክአፖች ቪፒ44 የተባለ ፖምፓ ነበራቸው። ይህ ፖምፓ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ናፍታ ነው። ናፍታ የሚገፋለት ትንሹ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግን ደካማ ስለነበር ትልቁ ፖምፓ እየተራበ ይቃጠል ጀመር። ትልቁን ብቻ የቀየሩ ባለቤቶች አዲሱንም ለዚያው አደጋ ዳረጉት። ነገሩን ከሥሩ የፈቱት ትንሹን ፖምፓ በጠንካራ የተኩ፣ የግፊት መለኪያም ያስገጠሙ ናቸው። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ዋናው ፖምፓ ከመነካቱ በፊት የሚበላው ነገር ይታይለት።

አዳዲሶቹ ኮመን ሬል የሚባሉት ሞተሮች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቀድሞዎቹ የሃይሉክስ ሞተሮች ኢንጀክተሩ የሚከፈተው ከ100 እስከ 160 ባር ባለው ግፊት ነው። ዲ-ፎር-ዲ በሚባሉት የ2.5 እና የ3.0 ሊትር ሞተሮች ግን ግፊቱ እስከ 1,600 ባር ይደርሳል። የጎማ አየር ከ2 እስከ 4 ባር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ አያከራክርም። በዚህ ግፊት በዓይን የማይታይ አቧራና አንዲት ጠብታ ውኃ ኢንጀክተር ይጨርሳሉ። በነዚህ መኪኖች ሞተሩ ሲንገዳገድ ወይም ድንገት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ፖምፓው ላይ የተገጠመው ትንሹ የናፍታ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ቫልቩ ለብቻው ይቀየራል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ሳይመረመር "ፖምፓው ሙሉ በሙሉ ይለወጥ" የሚል ጋራዥ አይጠፋም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፖምፓ ገዝቶ የሚያስገጥመውም የሌላውን መኪና ሕመም በራሱ ገንዘብ ወደ ራሱ ሞተር ያዛውራል።

ይህ ሁሉ የጋራዥ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ ገበያውን በቀጥታ የሚነካ ገጽታም አለው። አንዳንድ ሻጭ መኪናዋን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ብሎኑን ያስጠመዝዛል። ገዢው ሲሞክራት እንደ ፈረስ ትጋልባለች፤ ዋጋም ትጨምራለች። ከሦስት ወር በኋላ ቴስታታዋ ሲሰነጠቅ ሻጩ የለም፣ ደላላውም ስልኩን አያነሳም። ፋብሪካው የናፍታውን መጠን የሚወስነውን ብሎን በማኅተም የሚዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅተሙ የተሰበረ ፖምፓ ያላት ፒክአፕ የመለኪያ ማሽን ወረቀት እስካልቀረበ ድረስ ዋጋዋ ሊቀንስ ይገባል። ስሙን የሚጠብቅ ደላላ የሻንሲ ቁጥርና ቦሎ እንደሚያይ ሁሉ ይህንንም ቢያይ ኮሚሽኑ አይጎድልበትም፤ ደንበኛው ይበዛለታል እንጂ።

በሌላ በኩል የሚቀርበው ክርክር ችላ ሊባል አይገባም። "ጭነቱ ከባድ ነው፣ መንገዱ ዳገት ነው፣ አዲስ መኪና መግዛት አይሞከርም፤ ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ?" የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ፖምፓም እንደ ማንኛውም ብረት ያረጃል። ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳም ብሎ፣ ፖምፓው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት የሚነሳ ከሆነ የውስጥ አካሉ በልቷል፤ መታደስ ወይም መቀየር አለበት። ነገር ግን ያረጀን ወደነበረበት መመለስና ሞተሩ ከተሠራለት በላይ ማስገደድ ለየቅል ናቸው። የመኪናዋ አቅም ለጭነቱ ካልበቃ መፍትሔው ጭነቱን በሁለት ዙር ማድረግ ወይም አይሱዙ መከራየት ነው፤ ፖምፓ ይህን ሂሳብ አይለውጠውም።

እንግዲህ በፒክአፑ የናፍታ መስመር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ የሚፈልግ ባለንብረት በቅደም ተከተል ቢሄድ ያተርፋል። መጀመሪያ ሰልባትዮው ወርዶ ይታጠብ፣ ቱቦዎቹ ይለወጡ። ቀጥሎ ጥሩ ፊልትሮና ውኃ መለያ ይገጠም፤ ውኃውም በየጊዜው ይፍሰስ። የአየር ፊልትሮው ይታይ። ከዚያ ኢንጀክተሮቹና ፖምፓው ወርደው በማሽን ይለኩ፤ ውጤቱም በወረቀት ይሰጥ። በቪኢ ፖምፓ ላይ ናፍታ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የሚጨመር ከሆነ ግፊቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ ከበዛ የፖምፓው ጎማ ማኅተም አልፎ ናፍታ ያፈሳል። ፖምፓ መቀየር የሚመጣው ይህ ሁሉ አልቆ፣ ወረቀቱም ፖምፓው መሞቱን ሲመሰክር ብቻ ነው።

ጋራዦችም ቢሆኑ ከዚህ አካሄድ የሚያጡት ጥቅም የለም። የመለኪያ ወረቀት የሚሰጥና ማኅተም መልሶ የሚያስር ጋራዥ ደንበኛው መኪናዋን ሲሸጥ እንኳ ስሙ አብሮ ይጠራል። ነጋዴው በበኩሉ የሚገዛውን ጤፍና ቡና ሳይመዝን አይከፍልም። ለሞተሩ የሚገባውን ናፍታ ሳያስመዝን የሚከፍልበት ምክንያት የለም።