የሚያስቀው ቁምጣው አይደለም

የድሮዎቹ የጃፓን የጭራቅና የሮቦት ፊልሞች በተነሱ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣ ሳቅ አለ። ሳቁ ሕንፃ የሚደረምሰው የላስቲክ ጭራቅ ላይ ብቻ አይቆምም። በጭራቁ እግር ሥር ለሚሮጠው ልጅም ይተርፋል። ጉልበት የማይደርስ ቁምጣ፣ ኮፍያ፣ በጀርባው የትምህርት ቤት ቦርሳ። «ዓለምን የሚያድናት ይሄ ነው?» ይባላል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ነዋ!

ሳቁ ግን ቦታውን ስቷል። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ሊያሳስብ የሚገባው ልብስ ቁምጣው አይደለም። ሊያሳስብ የሚገባው ልጁን ትልቅ ሰው አስመስሎ ወደ ውጊያ የሚያስገባው የደንብ ልብስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1956 ሚትሱቴሩ ዮኮያማ «ቴትሱጂን 28» የተባለውን የሥዕል ታሪክ ጀመረ። ጀግናው ሾታሮ የሚባል ልጅ መርማሪ ነው። ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ቁምጣ። ከወገቡ በላይ ሹም፣ ከወገቡ በታች ሕፃን። መኪና ይነዳል፣ ሽጉጥ ይተኩሳል። የሚያዝዘው ግዙፍ ሮቦት ደግሞ፣ በታሪኩ መሠረት፣ የጃፓን ጦር በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ያሠራው መሣሪያ ነው። አባቶች ተሸንፈው ያስቀመጡት መሣሪያ በልጅ እጅ ገባ ማለት ነው።

በ1967 የዚሁ ደራሲ ፈጠራ የሆነው «ጃያንት ሮቦ» በቶኤይ ኩባንያ ተቀርጾ በ26 ክፍል ለቴሌቪዥን በቃ። አሜሪካ ውስጥ «ጆኒ ሶኮና በራሪው ሮቦት» ተብሎ ታይቷል። ሮቦቱ የሚታዘዘው ዳይሳኩ የተባለውን ልጅ ድምፅ ብቻ ነው። ትእዛዙም የሚተላለፈው በልጁ የእጅ ሰዓት በኩል ነው። ታዲያ ዩኒኮርን የተባለው ድርጅት ምን አደረገ? ልጁን አባል አደረገው፤ መለያ ቁጥር ሰጠው፣ የደንብ ልብስ አለበሰው፣ ሽጉጥ አስታጠቀው። ሮቦቱን የፈለገ ልጁንም መልመል ነበረበት። የልጅነቱን ነገር ግን ማን ጠየቀ?

«ጨዋታ እኮ ነው! የደንብ ልብስ የማይወድ ልጅ የት አለ?» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ልጅ ይወዳል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ልጅ የሚወደውን ነገር ትልቅ ሰው ማጥመጃ ሊያደርገው ይችላል።

ጃፓን ይህን በፊልም ሳይሆን በሕይወቷ አይታዋለች። በ1941 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ስማቸው ተቀይሮ ሕፃናትን ለንጉሠ ነገሥቱና ለጦርነቱ ማነጫ ሆኑ። በ1945 ኦኪናዋ ላይ የአሥራዎቹ ዕድሜ ተማሪዎች «የብረትና የደም» ጓድ ተብለው፣ ወታደራዊ ልብስ ለብሰው ወደ ግንባር ተላኩ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከዚያ እስከ «ጃያንት ሮቦ» ያለው ጊዜ 22 ዓመት ብቻ ነው። በ1934 የተወለደው ዮኮያማ ራሱ በዚያ ጦርነት ውስጥ ልጅ ነበር።

«የጀርባ ቦርሳውም መነሻው የወታደር ነው» የሚል ካለ አልተሳሳተም። የጃፓን ተማሪ የሚያነግተው ራንዶሴሩ ስሙንም አሠራሩንም የወሰደው ከሆላንድ ወታደሮች ቦርሳ ነው። ነገር ግን ቦርሳው ዛሬ የሚሸከመው ደብተር ነው። የልብስ ጥፋቱ ከጨርቁ አይመጣም፤ ልብሱ ከልጁ ከሚጠይቀው ነገር ነው የሚመጣው። በ1968 ዓ.ም. የወጣውን የጋሜራና የቪራስ ፊልም ማየት ይበቃል። ሁለቱ ልጆች የስካውት ልብስ ለብሰዋል፤ ሽጉጥ ግን የላቸውም። ጠላት ሲያግታቸው ግዙፉ ኤሊ ጋሜራ ለእነሱ ሲል ክንዱን ያጥፋል። እዚያ ታሪክ ውስጥ የልጅ ነፍስ ከድል ትቀድማለች።

ከሁሉ ይበልጥ የሚሳቅበት ግን በ1969 የወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ «የጎድዚላ በቀል» የተባለው ፊልም ነው። ከቀደሙ ፊልሞች የተቆረጡ ውጊያዎች ስለሞሉት ብዙ የጎድዚላ ወዳጆች ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያስቀምጡታል። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ለጃፓን ጦር ተመልምሎ ቻይና ውስጥ ዓመታት ያሳለፈና በ1946 ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። የደንብ ልብስ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አይችልም።

ይህ ሰው ለልጁ ያለበሰው ምንድን ነው? ቁምጣና ኮፍያ። ኢቺሮ ጭስ በሞላባት የፋብሪካ ከተማ፣ በካዋሳኪ ይኖራል። እናትና አባቱ ሥራ ስለሚያመሹ ቤቱን ራሱ ከፍቶ ይገባል። ሰፈር ውስጥ የሚያስፈራሩት ልጆች አሉ፤ ጭራቆቹን የሚያገኛቸው በሕልሙ ብቻ ነው። ባንክ የዘረፉ ሁለት ሌቦች ሲይዙት ሮቦት አይደርስለትም፣ ቁጥር የሚሰጠው ድርጅትም የለም። ያመለጣቸው በዚያው ቁምጣ፣ በራሱ ብልሃት ነው። ፊልሙ የልጁን ችግር በስሙ ይጠራዋል፤ ብቸኝነት ነው። ለብቸኝነት ደግሞ ሽጉጥ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

ለ«ጃያንት ሮቦም» ፍርድ ሲሰጥ ፍጻሜው መዘለል የለበትም። በመጨረሻው ክፍል ዳይሳኩ «ተመለስ» ብሎ ያዝዛል፤ ሮቦቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አይታዘዝም። ጠላቱን ተሸክሞ ወደ ሕዋ ይወጣና አብሮት ይጠፋል፤ ልጁም ምድር ላይ በሕይወት ይቀራል። ልጁን ያስታጠቁት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ በእሱ ምትክ ለመሞት የሄደው ግን ብረቱ ነው። ከእነዚያ ፊልሞች መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ በቁምጣው ላይ ግን አይሁን።