ዘበኛው ፍርሃት ከሄደ በኋላ

ሰፈራችን ከግጦሹ ዳር ሦስት ድንጋዮች አሉ። ሁለቱ ቆመዋል፣ አንዱ በግንባሩ ተደፍቷል። አያቴ በቀትር በዚያ በኩል እንድናልፍ አትፈቅድም ነበር። «ቀትር የነሱ ሰዓት ነው» ትለናለች፤ እነሱ እነማን እንደሆኑ ግን አትነግረንም። ማለፍ ግድ ከሆነ አማትበን፣ ወደ ኋላ ሳንዞር፣ ሳንሮጥ። መሮጥ ጭራሽ አይታሰብም፤ የሮጠውን ይከተሉታል። ላም እንኳ እዚያ ቆማ ስታመሰኳ ካየች ያን ዕለት ማታ ወተቷን ለልጅ አታጠጣም።

ማን እንዳቆማቸው ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነበር። ግራኝ። በእኛ በሶዶ ጉራጌ የቆመ ድንጋይ ሁሉ የግራኝ ድንጋይ ነው። ያልገባንን ነገር ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለን ማስቀመጥ የተካንንበት ሙያ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አስተማሪያችን ጋኔን የሚባል ነገር እንደሌለና ድንጋይ ድንጋይ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ዘመኑ 1974 ነው፤ አጉል እምነትን መዋጋት የትምህርት ቤት ሥራ የነበረበት ጊዜ። በነጋታው አራት እረኞች ሆነን በቀትር ሄድን። አልሮጥንም፣ አላማተብንም። ምንም አልመጣም። አንዱ ጓደኛችን ተደፍቶ የተኛው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። በሳምንቱ ማጭዳችንን ልንሞርድበት ተመለስን።

ድንጋዩ ለሞረድ ይመች ነበር፣ አልዋሽም። ጀርባው ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፤ ክብ እጀታ፣ ሰፊ ስለት። እኛ የጎራዴውን ጎን ይዘን ወዲያና ወዲህ። በሁለት አጨዳ ውስጥ ከቅርጹ አጠገብ አውራ ጣት የሚያስገባ ቦይ አወጣን። ዛሬም አለ። ባለፈው ዓመት ሄጄ ጣቴን ከትቼበት አይቻለሁ፤ ጣቴ ወፍሮ ኖሮ ጠበበው።

የሚያስቀውም የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። እኛ ማጭድ ስንሞርድ፣ ከእኛ ሰፈር በእግር ግማሽ ቀን በማይሞላ ርቀት ላይ ያለችው ጥያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የተመዘገበችው በ1972 ነው። 36 ድንጋዮች አሏት፤ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። ጎራዴ አለ፣ ክብ አለ፣ የእንሰት ቅጠል የሚመስል ባለ መንታ ቅርንጫፍ ምልክት አለ። አስጎብኚዎች የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደለውን ጠላት ይቆጥራል ይላሉ፤ ሲሰሙት ደስ ይላል፣ እስካሁን ያረጋገጠው ግን የለም። የምልክቶቹ አብዛኛው ትርጉም ገና አልተፈታም። ስለ ዘመናቸው ግን ፍንጭ አለ፤ በቁፋሮው የተገኘው በ12ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ያደርሳቸዋል። እንግዲህ ግራኝ የምንለው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከመወለዱ ቢያንስ ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ግራኝ በዚህ ክስ ነፃ ነው።

ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ነው። ሮጀር ጁሶም የተባለው ፈረንሳዊ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ቆፍሮ ሲያይ ሙታኑ በእናት ሆድ እንዳለ ጽንስ ተጠቅልለው ተገኙ፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። ይህን ካነበብኩ በኋላ አያቴን በሌላ ዓይን አየኋት። ስለ ጋኔኑ ተሳስታ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሰው መተኛቱን፣ በላዩ ላይ መረጋገጥ እንደማይገባ ግን በትክክል ይዛው ነበር። አስተማሪያችን ያስተማረን ግማሹን እውነት ነው፤ ጋኔን የለም። መቃብር አለ የሚለውን ሌላውን ግማሽ የሚነግረን አልነበረም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ ፍርሃት ዘበኛ ነበር እላለሁ። ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ለሊት የማይተኛ፣ በጉቦ የማይደለል ዘበኛ። ለብዙ መቶ ዓመት በዚያ ሜዳ ላይ የሚታረስ አረሰ፣ የሚሠራ ቤት ሠራ፣ ጦር መጣ፣ ጦር ሄደ፤ ድንጋዮቹን የነካ የለም። በእኛ ዕድሜ ያንን ዘበኛ አሰናበትነው። በቦታው ግን ሌላ አልቀጠርንም።

ጥያስ አንድ ነገር ናት፤ አጥር አላት፣ ቲኬት አላት፣ እንግዳ ተቀብሎ የሚያዞር አስጎብኚ አላት። በሶዶ አካባቢ እንደሷ ያለ ሥፍራ ግን 160 ያህል ተቆጥሯል። የኛዎቹ ሦስቱ ከዚያ ውስጥ ይሁኑ አይሁኑ እንኳ አላውቅም። በየእርሻው ዳር፣ በየግጦሹ፣ በየጓሮው ያሉት ፍርሃቱ ለቋቸው አጥሩ ሳይደርስላቸው መሐል ላይ ቆመዋል። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ስወርድ አንድ አዲስ ቤት መሠረቱ ላይ፣ ከሲሚንቶው መሐል፣ የጎራዴ እጀታ አየሁ። ክቡ ብቻ ነው የቀረው፤ ስለቱ ከግድግዳው ሥር ገብቷል። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ጠላ አጠጣኝ። ድንጋዩ ለመሠረት የተመቸ፣ ለመጫን ቅርብ፣ ባለቤት የሌለው ነው አለኝ። ምን ልበለው? እኔ ማጭድ የሞረድኩበት ሰው!

ይህ የሶዶ ብቻ ጣጣ አይደለም። ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ ሐርላ የምትባል ቦታ አለች። ገበሬው የግንቦቹን ድንጋይ ግዝፈት እያየ እዚህ ግዙፋን ይኖሩ ነበር ይል ነበር፤ በትዕቢታቸው ምክንያት ፈጣሪ አጠፋቸው የሚልም ወግ አለ። ቲሞቲ ኢንሶል የተባለ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሲቆፍር የ12ኛ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ ከቻይና፣ ከየመን፣ ከማልዲቭና ከማዳጋስካር የመጣ ዕቃ አገኘ። ዜናው በሰኔ 2009 ወጣ። አጽሞቹ ሲለኩ ግዙፍ የለም፤ እንደኔና እንደናንተ ያለ ቁመት ነው። እኔን ከግዙፉ ይልቅ ይህ ያስደንቀኛል። ግዙፍ ሰው ትልቅ ድንጋይ ቢያነሳ ምን ይገርማል? ከቻይና የመጣ ሸክላ የሚገዛ፣ ዶቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የእኛው ቁመት ያለው፣ እዚያ ከተማ መሥራቱ ነው የሚገርመው። ገበሬዎቹ እኮ ሳንቲሙን ከቁፋሮው በፊት ሲያርሱ ያገኙት ነበር። አውቀውት ቢሆን ኖሮ ስንቱ በየኪሱ ባልጠፋ።

ኮንሶ ደግሞ ሌላውን መንገድ ያሳየናል። የጀግኖች መታሰቢያ የሆኑት ዋካዎች፣ ከእንጨት የተጠረቡ፣ በመቃብር ላይ የሚቆሙ ናቸው። ማክበሩ ሲላላ ገዢ መጣ፤ ዋካ በለሊት እየተነቀለ ከአገር ወጣ። ከሌባ የተመለሱት በኮንሶ ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከየትኛው መቃብር እንደመጡ የማይታወቁ አሉባቸው። አባት ያለው፣ ስሙ የጠፋበት ልጅ ማለት ነው።

በጌዴኦ ግን ነገሩ አልተበጠሰም። በ2016 መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዩኔስኮ የጠቀሰው በሺዎች የሚቆጠሩትን ትክል ድንጋዮች ብቻ አልነበረም። ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው፣ ሕዝቡ የሚያከብራቸው መሆኑንም ጭምር እንጂ። እዚያ ፍርሃቱ ሲቀልል መከበሩ ግን ጸና። ቡናውና እንሰቱ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይኖራል። እኛ ሶዶዎች መሐል ላይ ያጎደልነው ይቺን ማክበር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ይህን የምጽፈው ነሐሴ ላይ ነው፤ መስቀል ደረሰ። የእኛ ሰው በያለበት፣ መርካቶ ቢነግድ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ ቢነዳ፣ ለመስቀል አገሩን ያስባል፤ የቻለ ይገባል። እኔ ዘንድሮ የምለምናችሁ ክትፎው ከተበላ፣ ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ ስላለችው ከሰዓት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ድንጋዩ ውጡ። በየሰፈሩ አለ፤ ከሌለም የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። እሱን ይዛችሁ ሂዱ። በዝግታ ይሄዳል፤ እናንተም በዝግታ ሂዱ።

ከዚያ ጠይቁት። ስልካችሁን ክፈቱና ድምፁን ቅረጹ። ግራኝ ተከላቸው ካለ አትቃወሙት፤ እንዳለው ያዙት። ጋኔን ካለ አትሳቁበት። የሚያወራው ነገር በራሱ ቅርስ ነው፤ ድንጋዩ ለሌላ መቶ ዓመት ይጠብቃል፣ እሱ ግን የሚመጣውን መስቀል እንኳ ላያይ ይችላል። አያቴ ስትሞት «እነሱ» ያለቻቸው እነማን እንደሆኑ ይዛው ሄደች። ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ጥያቄ ነው።

ድንጋዩን ለኩ። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ጎራዴው ስንት እንደሆነ፣ ወደየት እንደተደፋ ጻፉ። ፎቶ አንሱት፤ ሰልፊው ይቅርባችሁ አልልም፣ ከሰልፊው በፊት ግን ድንጋዩን ብቻውን። የቆመበትን ቦታ ስልኩ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ተቀባይ ካላገኛችሁ እንደገና አስገቡ፤ አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱን ለልጃችሁ። የወደቀውን ግን አታቁሙ። በቅን ልብ ጎትቶ ያቆመ ሰው ከሥሩ ያለውን መቃብር አናግቶ ለባለሙያ ምንም ሳያስቀር ይሄዳል። ቀለም አትቀቡ። ወርቅ አለበት የሚላችሁን አትስሙ፤ ከሥሩ ያለው የሰው አጥንት ነው።

መሠረት ሲቆፈር፣ ጉድጓድ ሲማስ ቅርጽ ያለው ነገር ከወጣም ሕጉ ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ፣ ተረካቢ እስኪመጣም እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ይህን የሚያውቅ ግንበኛ በሰፈራችን አንድም አላገኘሁም፤ እኔም ያወቅኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው። በመስቀል ዋዜማ ለሚሰበሰበው ሰው አንድ ሰው ተነስቶ ቢያነብለት ምን ይጎዳል?

ገንዘቡስ የሚል አለ። እውነት ነው፤ ከጥያ በር ላይ ጉብኝቱ ሲያልቅ መኪናው ይነሳል፣ እንግዳው ምሳውን አዲስ አበባ ይበላል። በዚያው መንገድ የጥንት ሰው መኖሪያ የነበረው መልካ ቁንጥሬ አለ፣ እሱም በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከዓለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስቱንም አይቶ ከሶዶ አንድ ሲኒ ቡና ሳይገዛ ይመለሳል። ለዚህ ተጠያቂው መንገደኛው አይደለም፤ ቡናውን ያላፈላነው እኛ ነን። ሁለት ሰዓት ሳይሆን አንድ ለሊት የሚያሳድር ቤት፣ ቆጮና ክትፎ በአገሩ ወግ የሚያቀርብ፣ ከጥያ ሌላ ሁለት ሥፍራ በእግር የሚያዞር ወጣት ካለ እንግዳው ይቆያል። በከተማ ስንት ምግብ ቤት የከፈትን ሕዝብ በአገራችን በር ላይ አንዲት ማደሪያ ያቅተናል?

የሚያቅተን እንዳይመስላችሁ፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ከዚህ የከበደ ሠርተዋል። ከዓለም ገና ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ፣ ጥያ ላይ የሚያልፈው፣ በ1950ዎቹ አባቶቻችን በማኅበር ተደራጅተው፣ ከሱቃቸውም ከእርሻቸውም አዋጥተው ያንቀሳቀሱት ሥራ ነው። ዛሬ ቱሪስቱን ድንጋዩ ድረስ የሚያደርሰው የእነሱ ሳንቲም ነው። እነሱ መንገዱን ሲያወጡ ድንጋዮቹን አልነኩም፤ ይፈሩ ነበርና። እኛ የማንፈራው ምን አዋጣን?

ሃምሳን ለተሻገራችሁ እኩዮቼ አንድ ቃል። ይህን ለልጆች ብቻ አንጣለው። ድንጋዩ ላይ ማጭድ የሞረድነው እኛ ነን፤ አፍርሰን የገነባነውም። ልጆቹ ገና ምንም አላጠፉም። ለእናንተ ለወጣቶቹ ደግሞ፤ ከጥያ ድንጋይ ሥር የተኙት ብዙዎቹ የእናንተ ዕድሜ ነበሩ። ማን እንደነበሩ፣ በምን እንደሞቱ የሚያጠና ከእናንተ መሐል ይውጣ። ምልክቶቹን የሚፈታ ሰው ከሶዶ ቢወጣ እኔ ደስታውን አልችለውም፤ ጎራዴው የግዳይ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነገር አንዴ ገላግሉን።

እኔ በመስቀል ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከግጦሹ ዳር እገኛለሁ። ያ የሳቀው ጓደኛዬም ይመጣል፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ልቀመጥ ማለቱ አይቀርም። በርጩማ ይዤለት እሄዳለሁ። የሰፈሩ ልጆች ደብተርና እርሳስ ይዘው ይምጡ። ሜትሩን እኔ አመጣለሁ።