በጠባብ መንገድ ላይ ስለ ቆመ አውቶሞቢል

አውቶሞቢል ያለው ሰው ብዙ ጊዜ፤ «አውቶሞቢሉ የራሴ ነው፤ ቢበላሽም የምቸገረው እኔው ነኝ» ይላል። ይህ አነጋገር እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ስሕተቱም በሰፊ መንገድ ላይ ቶሎ አይታይም፤ በጠባብ መንገድ ላይ ግን ወዲያው ይገለጣል።

የብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ስኮትላንድ ይባላል። የስኮትላንድም ሰሜንና ምዕራብ ተራራና ሐይቅ የበዛበት፣ ሰው ግን ያነሰበት ምድር ነው። በዚያ ከመንደር ወደ መንደር የሚወስደው መንገድ በብዙ ስፍራ ከአንድ አውቶሞቢል በቀር አያሳልፍም። ስለዚህ በመንገዱ ዳር፣ እየተራራቀ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ተሠርቷል፤ እርሱም የመተላለፊያ ስፍራ ይባላል። ሁለት ነጂዎች ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ አንደኛው በዚያ ስፍራ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ቁልቁለት የሚወርደውም ዳገት ለሚወጣው ይለቅለታል። ከኋላው የሚቸኩል ሰው ያለበት ነጂም በዚያው ስፍራ ቆም ብሎ ያስቀድመዋል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ አንዱ ካልታገሠ ሌላው ሊያልፍ አይችልም።

የስኮትላንድ ሰዎች ስለ መንገድና ስለ ጎማ ብዙ ደክመዋል። በዚህ ንባብ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቶማስ ቴልፎርድ የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ከ1803 ጀምሮ በዚያ ደጋ አገር ከ900 ማይል የሚበልጥ መንገድ አሠራ። ነፋስ የሚሞላውን ጎማ በመጀመሪያ ያሰበው ሮበርት ዊልያም ቶምሰንም የስኮትላንድ ተወላጅ ነበር፤ ለዚህም ሥራው በ1845 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ ሌላ የስኮትላንድ ተወላጅ ለተመሳሳይ ሥራ መብት አግኝቶ ጎማውን ለብዙ ሰው ጥቅም አዋለው። መንገዱም ጎማውም የብዙ ሰው ድካም ፍሬ ነው። ቸልተኛ ነጂ ግን በአንድ ቀን የሁለቱንም ጥቅም ያስቀራል።

በዚያ አገር ካሉት ጠባብ መንገዶች አንዱ ወደ አፕልክሮስ መንደር የሚወስደው ነው። ስሙም ቢያላክ ና ባ ይባላል፤ ትርጓሜው «የከብቶች በር» ማለት ነው። መንገዱ በ1822 ተሠራ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ እየተጠማዘዘ እስከ 626 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ዳገቱ በበረታበት ስፍራ በ100 ሜትር ርዝመት 20 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለማጅ ነጂዎችና ትልልቅ ተሽከርካሪዎች እንዳይገቡበትም በመግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተተክሏል። በባሕር ዳር የሚዞረው ሁለተኛው መንገድ በ1970ዎቹ ዓመታት እስኪሠራ ድረስ፣ የመንደሩ ሰዎች በምድር የሚገቡበትና የሚወጡበት የአውቶሞቢል መንገድ ይህ ብቻ ነበረ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ 516 ማይል ያህል የሚዞር የአገር መጐብኛ መንገድ በዚህ በኩል እንዲያልፍ ስለ ተደረገ፣ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ በዝቶበታል።

አሁን ነገሩ በምሳሌ ቢነገር ይበልጥ ይገለጣል። አንድ የከተማ ሰው ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ አፕልክሮስ ሊሄድ አሰበ። በዋዜማው ሽማግሌ ጎረቤቱ በደጁ ሲያልፉ አውቶሞቢሉን አዩና፤ «ልጄ፣ የግራው የፊት ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቋል፤ ሳትለውጠው አትሂድ» አሉት። ሰውየውም፤ «ግድ የለም፣ ስመለስ እለውጠዋለሁ» ብሎ መለሰላቸው። መለዋወጫ ጎማ ይኑረው አይኑረው እንኳ ገልጦ አላየም። በዛሬው ዘመን ብዙ አውቶሞቢሎች መለዋወጫ ጎማ የላቸውም፤ በእርሱ ፈንታ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ የነፋስ መሙያ ብቻ ይሰጣቸዋል። የእርሱም አውቶሞቢል እንዲሁ ነበረ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ተራራውን መውጣት ጀመሩ። ወራቱ ኅዳር ስለ ሆነ ቀኑ አጭር ነበረ። ከፊታቸው ሌላ አውቶሞቢል በመጣ ጊዜ ሰውየው ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ በመተላለፊያው ስፍራ መቆም ታከተው። ስለዚህ ከመንገዱ ወጥቶ በዳር በዳር ሊያልፍ ሞከረ። ስለታም ድንጋይም ያንን የተሰነጠቀ ጎማ ጎኑን ቀደደው። ፈሳሹን ቢጨምርበትም እንደ ገባ ተመልሶ ወጣ፤ በምስማር የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ የተቀደደ ጎን አይጠግንምና። ስልኩንም አወጣ፤ በዚያ ሸለቆ ግን ስልክ አይሠራም ነበር።

ከፊቱ 100 እርምጃ ያህል ርቆ ሁለተኛ የመተላለፊያ ስፍራ ነበረ። ሰውየው ግን፤ «ጎማው ተቀዶ ሳለ ብነዳ ቸርኬው ይጣመምብኛል» ብሎ በመንገዱ መካከል ቆመ። ከኋላውም አንድ፣ ሁለት፣ አምስት አውቶሞቢሎች ተሰለፉ። ከእነዚህ ሦስተኛውን የምትነዳው ነርስ ነበረች። በመንደሩ ለተኙ አንዲት ሕመምተኛ ባልቴት የሕመም ማስታገሻ መርፌ ልትወጋ ትሄድ ነበር። ነርሷም ወርዳ፤ «ጌታዬ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ብለው መንገዱን ይልቀቁልኝ፤ ሕመምተኛ እየጠበቁኝ ነው» አለችው። እርሱ ግን፤ «ረዳት እስኪመጣ ይታገሡ» አላት። ተመልሳ በባሕር ዳሩ መንገድ እንዳትሄድ በስተኋላዋ የቆሙት ከለከሏት። እንዲህም ሆኖ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ፀሐይም ገባች።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ እረኛ በዚያ በኩል መጡ። ነገሩን በሰሙ ጊዜም፤ «ልጄ፣ ቸርኬ በገንዘብ ይገዛል፤ የሕመምተኛ ሰዓት ግን በምን ይገዛል?» አሉት። ሰውየው ልጆቹ ሲሰሙ ስለ ነበረ እጅግ አፈረ። አውቶሞቢሉንም ቀስ አድርጎ ነድቶ ወደ መተላለፊያው ስፍራ አስገባው። ይህን ለማድረግ የፈጀበት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር። ነርሷም አለፈች፤ ነገር ግን ባልቴቲቱ ያንን ሰዓት በብርቱ ሕመም አሳልፈውት ነበር።

የዚህ ሰው ጥፋት ምንድር ነው? ጎማ መቀደዱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በጥንቁቅ ሰው ላይም ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥፋቱ ተመክሮ አለመስማቱ ነው። ሁለተኛው ጥፋቱ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ እንደ ውርደት መቁጠሩ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም የሰው ጭንቅ ከቸርኬ ዋጋ አንሶ መታየቱ ነው። ሁለቱ የስንፍናና የትዕግሥት ማጣት ጥፋቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ግን የፍቅር ማጣት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፤ «ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ መንግሥት መንገዱን ቢያሰፋው ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር» ይላሉ። መንገድ እንዲሻሻል መመኘት መልካም ነው። ነገር ግን ተራራን መቁረጥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይፈልጋል። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሳለ ግን ነጂው ዛሬ እንደ መንገዱ ጥበት ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የመንደሩ ሰዎች መንገዱ እስኪሰፋ ድረስ ሕመማቸውን ሊያዘገዩት አይችሉም።

ሌሎችም፤ «እንግዳ ሰው የአገሩን ልማድ በምን ያውቃል?» ይላሉ። ወደ ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ ግን የቤቱን ሥርዓት አስቀድሞ ይጠይቃል። ጠባብ መንገድም ለዚያ አገር ሰዎች እንደ ቤታቸው ደጅ ነው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም፣ እንጀራም ወደ ገበታ የሚደርሰው በዚያ ነው። በደጅ ላይ ቆሞ የሰውን መግቢያ መዝጋት ነውር እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ ወደ እንደዚህ ያለ ስፍራ የሚሄድ ሰው ገና በቤቱ ሳለ ሊዘጋጅ ይገባዋል። የጎማውን ጥርስና ጎን ይመልከት፤ በብሪታንያ ሕግ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። መለዋወጫ ጎማና ክሪክ እንዳለው ገልጦ ይይ። ዘይቱን፣ ውሃውንና ነዳጁን ይመርምር፤ አውቶሞቢሉ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነም ባትሪውን አስቀድሞ ይሙላ። በወረቀት የታተመ ካርታ፣ የእጅ መብራት፣ ወፍራም ልብስና ስንቅ ይያዝ። በዚያ አገር በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ከ7 ሰዓት ያንሳልና ጉዞውን በማለዳ ይጀምር። ረጅም ቁልቁለት ሲወርድም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻውን ብዙ ከሠራ ይግላል፤ ኃይሉም ይደክማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አውቶሞቢሉ ቢበላሽ ነጂው የሚያፍርበት ነገር የለም። በመጀመሪያ የሌላውን ሰው መንገድ ይልቀቅ፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱንም ያብራ። ከዚያ በኋላ ለሚያልፈው ሰው ችግሩን በትሕትና ይንገር። ስልክ በማይሠራበት ስፍራ መልእክትን ወደ መንደር የሚያደርስ አላፊ መንገደኛ ነው። መንገድ የለቀቀ ሰው ረዳት ያገኛል፤ መንገድ የዘጋ ሰው ግን ሊረዱት የመጡትንም ሰዎች ያስቆማቸዋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ ጎማ በዋዜማው መለወጥ ቀላል ሥራ ነው፤ በማግሥቱ በተራራ ላይ ለሕመምተኛ አንድ ሰዓት መመለስ ግን ከሰው ኃይል በላይ ነው። አውቶሞቢሉ የአንድ ሰው ገንዘብ ቢሆን እንኳ መንገዱ የሁሉ ነው። መንገዱ የሁሉ ከሆነም፣ አውቶሞቢልን በደኅና መጠበቅ ባለቤቱ ለማያውቀው ባልንጀራው የሚከፍለው ዕዳ ነው።