ለማኅበሩ ኮምፒዩተር የሚበጀው ቀላሉ ነው ወይስ ሙሉው?

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው በቦሩ ሜዳና በዙሪያው የሚኖር ገበሬ የእርሻ በሬ ሲገዛ ቀንዱንና ቁመናውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ማሳው ተዳፋት ይሁን ሜዳ፣ አፈሩ ይክበድ ይቅለል፣ በቤቱ ያለው ገለባ እስከሚቀጥለው አዝመራ ያድርስ አያድርስ አስቀድሞ ያሰላል። ብዙ የሚበላ ትልቅ በሬ መኖ በሌለበት ደጅ ቢታሰር ከስቶ ከመውደቅ በቀር የሚፈይደው ነገር እንደሌለ ያውቃል።

ይህ ከአባት የተወረሰ ማስተዋል ግን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በሚመጣበት ጊዜ ብዙ ሲሠራበት አይታይም። መሣሪያው በእርዳታ የተገኘ አሮጌ ይሁን በአባላት መዋጮ የተገዛ፣ በውስጡ የሚጫነው ፕሮግራም የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ በጫኚው ልማድ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ማኅበር ስለ ምርጫው ሳይጠየቅ ይቀራል። ጉዳዩ የባለሙያ ነው ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ሊወያዩበት የሚገባ ነው።

የሚያጣላው መዝገብ ነው

እንደሚታወቀው ኤን.ፒ.ኤስ.ና ዩሪያ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርም ጭምር፣ ለገበሬው ከሚደርሱባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ማን ስንት ኩንታል ወሰደ? ማን ከፈለ? የማን ዕጣ ስንት ደረሰ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባጡ ቁጥር ጎረቤት ከጎረቤት ይጋጫል፤ ሊቀ መንበሩ ይታማል፤ ገንዘብ ያዡ ከቁጥጥር ኮሚቴው ፊት ይቆማል። መዝገቡ በኮምፒዩተር ከተያዘ ደግሞ የኮምፒዩተሩ ጤንነት የማኅበሩ ሰላም ሆነ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በክረምቱ መግቢያ ገበሬው ማዳበሪያ ለመውሰድ ተሰልፏል እንበል። ኮምፒዩተሩ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ቢፈጅ፣ ዝርዝሩ ሲከፈት ቢደርቅ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ቢጀመር፣ ከሩቅ ጎጥ የመጡ አባላት አጥር ሥር ተቀምጠው ሊውሉ ነው። የእርሻ ቀን ከባከነ በኋላ አይመለስም።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገኘው ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ አያገኝም፤ ከዚያ በኋላ የተፈቀደው የተወሰነ ማራዘሚያ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ማከማቻና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች አይቀበሉትም። በመሆኑም የማኅበር መሪዎች ከሦስት ነገሮች አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ ባልተጠበቀ ፕሮግራም መቀጠል፣ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት፣ ወይም ያለውን መሣሪያ በሌላ ፕሮግራም ማሠራት።

በደቦ የተሠራ ፕሮግራም

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒዩተሩ ሲበራ ተነሥቶ ሌላውን ሥራ ሁሉ የሚመራ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የአንድ ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛል። ሊኑክስ ግን ከዚህ ይለያል። በፊንላንድ የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች እንደ ደቦ እየተጋገዙ አሳደጉት። የተጻፈበት ምንጭ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጭነው፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተባለው ዓይነት መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙም በዚያው አገር ቋንቋዎች ሰብአዊነት የሚል ትርጉም አለው።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስ.ኦ. የተባሉ ትንንሽ ላፕቶፖች ታድለው ነበር። ራማቸው 256 ሜጋ ባይት ብቻ ሲሆን ለአቅማቸው ተለክቶ በተዘጋጀ ሊኑክስ ይሠሩ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ከመሣሪያው ጋር ከተመጣጠነ ትንሽ መሣሪያም ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሚያስተምርና የሚጠግን ሰው ካልተዘጋጀ መሣሪያው ተገኝቶም ጥቅሙ ይጎድላል።

ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

ሊኑክስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን ሙሉ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ አሉ። ኡቡንቱ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ገጹ ያማረ ነው፤ ማተሚያው ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያውቀዋል፤ ቋንቋ መቀያየሪያውም አብሮት ይመጣል። በዚህ ፈንታ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24.04 የተባለው እትም 4 ጊጋ ባይት ራምና 25 ጊጋ ባይት ቦታ ይፈልጋል።

በሌላው ወገን ቀላሎቹ አሉ። ሉቡንቱና ዙቡንቱ የኡቡንቱ ቤተሰብ ሲሆኑ ገጻቸው ያልከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ፓፒ ሊኑክስ ደግሞ እጅግ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ ከፍላሽ ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ በራም ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በመካከል የሚገኙም አሉ። ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የተባለውን ገጽ የያዘው ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2፣ ቢመች 4 ጊጋ ባይት ራም ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ደቢያንም በ12ኛው እትሙ መመሪያ ላይ ከነገጹ ለመሥራት ቢያንስ 1፣ ቢመች 2 ጊጋ ባይት ራም ይበቃል ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀላል ፕሮግራም የሚቆጥበው ራሱ የሚበላውን ብቻ ነው። የኢንተርኔት መክፈቻው ፋየርፎክስ ወይም ክሮም በቀላሉም ላይ ተጫነ በሙሉው ላይ የሚበላው ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ 1 ጊጋ ባይት ራም ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ቀላሉ ስለተጫነበት ብቻ ብዙ የኢንተርኔት ገጾችን በአንድ ጊዜ ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የማዳበሪያ ዝርዝር ለመያዝ፣ ቃለ ጉባኤ ለመጻፍና ለማተም ግን ሊበቃ ይችላል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ድካም መድኃኒት ያለው ከፕሮግራሙ ዘንድ አይደለም። ራም መጨመርና የሚሽከረከረውን የቀድሞ ሃርድ ዲስክ ኤስ.ኤስ.ዲ. በተባለው መተካት ኮምፒዩተሩን ከማንኛውም ቀላል ፕሮግራም ይበልጥ ሊያነቃው ይችላል። መሪዎች አዲስ መሣሪያ ለመግዛት መዋጮ ከመጠየቃቸው በፊት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካሉት የኮምፒዩተር ሱቆች የነዚህን ሁለት ዕቃዎች ዋጋ ቢያጣሩ አባላቱን ከወጪ ያድናሉ።

አማርኛውና ጥገናው

ለቦሩ ሜዳ ማኅበር ከፍጥነት ባልተናነሰ የሚያስፈልገው አማርኛ መጻፍ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰሌዳ ውስጥ ከገባ ወዲህ በሊኑክስ አማርኛ ማንበብና መጻፍ አያስቸግርም። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ ለዊንዶውስ የተዘጋጁ መጻፊያዎች በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይጫኑም፤ ጸሐፊው የለመደው የፊደል አመታት ሊለወጥበት ስለሚችል የመለማመጃ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ዓይነቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች በአዲሱ ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የቆየው መዝገብ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጥ አሮጌውን ፕሮግራም ማጥፋት ጎተራው ሳይጠገን አሮጌውን እንደማፍረስ ነው።

በዚህ ረገድ ሙሉዎቹ ብልጫ አላቸው፤ የአማርኛ መጻፊያውን ከማስተካከያ ገጹ ላይ መርጦ መጨመር ይቻላል። በቀላሎቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው መጫንና ማስተካከል ይጠይቃል። ሥራው አንድ ጊዜ የሚሠራ ቢሆንም የሚያውቅ ሰው ይሻል።

የዕድሜያቸውም ነገር ከምርጫው በፊት መታየት አለበት። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የሚወጡት የኡቡንቱ እትሞች ለ5 ዓመት ማሻሻያ ሲያገኙ ሉቡንቱና ዙቡንቱ የሚያገኙት ለ3 ዓመት ነው። ቀላሉን የመረጠ ማኅበር ቶሎ ተመልሶ ማደስ እንዳለበት አውቆ ይግባበት። እጅግ አሮጌ የሆኑት ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች ደግሞ መንገዳቸው እየጠበበ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 የወጣው ደቢያን 13 ለነሱ የሚጫን እትም አላዘጋጀም፤ ደቢያን 12 ግን የማራዘሚያው ማሻሻያ እስከ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2028 እንዲቆይ ተወስኗል።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ?

አንዳንድ ወገኖች መሣሪያው አሮጌ ከሆነ ከሁሉም ቀላሉ ይጫንበት ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ለመሣሪያው ያዝናል፤ ለሰውየው ግን አያስብም። ጸሐፊው ቢቀየር ተተኪው የማያውቀው፣ በአካባቢው የሚጠግነው የሌለ፣ ማተሚያ ለማገናኘት አንድ ሳምንት የሚፈጅ ፕሮግራም ቀላል ነው አይባልም። ሌሎች ደግሞ ሙሉ ካልሆነ ምን ይሠራል ብለው ደካማውን መሣሪያ ከአቅሙ በላይ ያሸክሙታል። ሁለቱም ወገኖች ከማሳው ሳይሆን ከበሬው ነው የተነሡት።

ትክክለኛው መነሻ የማኅበሩ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩ 8 ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ ራም ካለውና የተለያዩ ሰዎች የሚፈራረቁበት ከሆነ ሙሉው ይመረጥ፤ ለጀማሪ ይመቻል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ከ2 እስከ 4 ጊጋ ባይት ራም ላለው፣ በየጽሕፈት ቤቱ ለሚገኘው ዓይነት መሣሪያ የሚስማማው መካከለኛው ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ወይም ደቢያን ከኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. ገጽ ጋር። ከዚያ በታች ለሆነው ብቻ እጅግ ቀላሎቹ ይታሰቡ፤ ያም ለአንድ የተወሰነ ሥራ መሆን አለበት። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም በሦስቱም ዓይነት ስለሚሠራ መዝገቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ችግር ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስምምነት ነው። ጎረቤታሞች የሆኑ ማኅበራት እያንዳንዳቸው የተለያየ ዓይነት ከሚጭኑ ይልቅ በአንድ ዓይነት ቢስማሙ የአንዱ ጸሐፊ የሌላውን ችግር ሊፈታ ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ተማሪዎች ያስተምራል። የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ለጥቂት ቀናት መጥተው እንዲጭኑና እንዲያሠለጥኑ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚጠየቀው ግን በአንድነት ሲሆን ነው የሚሳካው።

ሊኑክስ ለሁሉም ሥራ ይበጃል ማለትም አይደለም። ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ ሒሳቡን የሚይዘው ፒችትሪን በመሰለ ለዊንዶውስ በተዘጋጀ ፕሮግራም ከሆነ ያ ኮምፒዩተር ባለበት ይቆይ፤ ሌሎቹ ይለወጡ። በፍላሽ ከሚዛመቱት ቫይረሶች አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለሆኑ በሊኑክስ ላይ አይሠሩም፤ ይሁን እንጂ ፍላሹ ወደ ሌላ ቢሮ ይዟቸው ሊሄድ ስለሚችል ጥንቃቄው አይቀርም።

ከውሳኔ በፊት

የማኅበር መሪዎች ከመወሰናቸው በፊት አራት ነገር ቢያስፈጽሙ ይጠቅማቸዋል። መጀመሪያ የየኮምፒዩተሩ ራም፣ የዲስኩ ዓይነትና ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑ በወረቀት ይመዝገብ። ቀጥሎ መዝገቡ ሁሉ በሁለት ፍላሽ ወይም ዲስክ ተገልብጦ አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ የሕዝብ ተቋማት ንብረት መዘረፉንና መውደሙን ያየ ሰው የዚህን ምክር ዋጋ አያጣውም። ሦስተኛ፣ የታሰበው ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሞከር፤ አብዛኞቹ ዓይነቶች ይህን ይፈቅዳሉ። በሙከራው ላይ ጸሐፊው ራሱ አንድ ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ጽፎ በማኅበሩ ማተሚያ ያትም፤ አንድ የአባላት ዝርዝርም ይክፈት። ይህን ያላለፈ ፕሮግራም የቱንም ያህል ቢመሰገን አይጫን። በመጨረሻም ከጸሐፊው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ቢቻል ከአባላት ልጆች መካከል አንዲት ወጣት፣ አጠቃቀሙን አብራ ትማር።

መሣሪያውን የሚመርጠው ሥራው እንጂ መልኩ መሆን የለበትም። ገበሬው ለበሬው የሚያደርገውን ምርመራ መሪዎቹ ለማኅበሩ ኮምፒዩተር ቢያደርጉ የአባላቱ ገንዘብ በከንቱ አይባክንም፤ ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣውም ገበሬ ድርሻውን በጊዜ ተቀብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል።