የሚያድነው ሐኪም ብቻ ነውን?



ባለፈው ሳምንት ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ የአንዲት እናት ነው። ጸሐፊዋ የሃምሳ አለቃ ባለቤት ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባች እነሆ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሕክምና የመማር ምኞቷ በውጤት ጥቂት ማነስ ሳይሳካላት ቀርቶ በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ተመደበች። አባት ግን ከግዳጅ ቀጣና በላኩት መልእክት፣ «ሐኪም ካልሆነች እንቁራሪት ስትበልት ዕድሜዋን ከምትፈጅ ትታው ትምጣና ሥራ ትያዝ» ብለዋል። ልጅቷም ተስፋ ቆርጣ ዕቃዋን መጠቅለል ጀምራለች። እናት፣ «ማንን ይዤ ማንን ልልቀቅ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

በቅድሚያ የሃምሳ አለቃን አሳብ ማቃለል ተገቢ አይደለም። ከደመወዙ ቀንሶ ልጁን የሚያስተምር አባት የትምህርቱ ፍጻሜ ምን እንደሆነ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ሆኖም እኛ ወታደሮች ቦታውን ሳናጠና ጥቃት አንከፍትምና፣ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩን እንመርምር።

እንዶድን የማታውቅ እናት ጥቂት ናት። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጥ፣ ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ፣ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ።

በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሺህ ሰው አልፏል! የሞተውን ቀንድ አውጣ ከሰው በሽታ ጋር ለማገናኘት ግን የባዮሎጂ ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከሕሙሙ ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ተስማሚ በሆነው የቀንድ አውጣ ዝርያ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በብዛት ወጥቶ፣ ውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የጠላትን የስንቅ መተላለፊያ ድልድይ እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

ሥራው በአንድ ቀን ግኝት አላበቃም። አክሊሉ ለማ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ የእንዶድን ልዩ ልዩ ዓይነቶች እያበቀሉና እያወዳደሩ፣ «ዓይነት 44» የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ መረጡ። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ሙከራ፣ በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ሁለቱም ሰዎች በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ሃምሳ አለቃ ሆይ፣ እዚህ ላይ ያስተውሉልን። አክሊሉ ለማ ሐኪም አልነበሩም። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት የዶክትሬት ማዕረግ የሳይንስ ነበር። የግኝታቸውም መነሻ በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ሥራ ነበር።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅም የሚመሰክረው አለ። እጩ መኮንን ሳለሁ ከልምምድ ጉዞ ስንመለስ ከአንድ ወንዝ ገብተን ረጅም ሰዓት ዋኘን። ከወራት በኋላ ሆዴን ይቆርጠኝ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ይመላለስብኝ ጀመር። ሐኪሙ መድኃኒት የጻፈልኝ የላቦራቶሪው ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አጎንብሶ የትሉን እንቁላል ካገኘ በኋላ ነው። በፕራዚኳንቴል እንክብል ዳንሁ። ከሐኪሙ ጀርባ የቆመውን ሰው ያን ቀን ዐወቅሁት።

እንግዲህ ልጅቷ የምትማረው ምንድን ነው? የሕዋስን አሠራር፣ የዘር ውርስን፣ የረቂቃን ሕዋሳትንና የጥገኛ ትላትሎችን ጠባይ፣ የዕፀዋትንና የእንስሳትን አኗኗር ነው። ኬሚስትሪና የስታቲስቲክስ ሒሳብም አይቀሩላትም። እንቁራሪት መበለቱ ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ ጅማትና ሥርም እንዴት እንደተያያዙ ዓይንና እጅ እንዲለምዱ ነው። የባዮሜዲካል ሳይንስ የሚባለው ደግሞ ከዚሁ ግንድ ወጥቶ ወደ ሰው አካል የሚያዘነብል ቅርንጫፍ ነው። በሀገራችን በአብዛኛው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሰጣል።

እውነቱንም አንሸሽግ። የባዮሎጂ ዲግሪ ሕሙም ለማከም አያስፈቅድም። የሕክምና ላቦራቶሪ ሙያም ራሱን የቻለ ትምህርትና ፈቃድ አለው። ከተመራቂዎች ብዙዎቹ መምህራን ይሆናሉ፤ ሥራ ፈላጊ ሆነው ወራት የሚቆጥሩም አሉ። ሌሎች በግብርና ምርምር ጣቢያዎች፣ በምግብና በመጠጥ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍሎች፣ እንደ አርማወር ሐንሰን ባሉ የጤና ምርምር ተቋማት ያገለግላሉ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ለሃምሳ አለቃ፦ ልጅዎን «ምን ትሆኛለሽ?» ብቻ ሳይሆን «ምን እየተማርሽ ነው?» ብለው ይጠይቋት። በሁለተኛ ዓመት ትምህርት ማቋረጥ የተከፈለውን ዋጋ ሁሉ ሜዳ ላይ መጣል ነው። ለእናት፦ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ አያሻዎትም። ይህን ጋዜጣ ለባለቤትዎ ይላኩላቸው። ለአንቺም እኅታችን፦ የጠቀለልሽውን ዕቃ ፍቺ። የተመደብሽበትን ክፍል እንደ ቅጣት አትቁጠሪው። በማይክሮስኮፑ ሥር የምታዪትን ከእናትሽ ጓዳና ከአባትሽ ምሽግ ጋር አገናኝተሽ እይው።

ለጓዶቻችንም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከመጸዳጃ ቤት ውጭ አትጸዳዱ፤ በቆመና በቀስታ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ያለ ግዳጅ አትግቡ። ገብታችሁ ሆዳችሁን ካመማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ።

የሃምሳ አለቃ መልስ ሲደርሰን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።